በርበሬ በሰው አገር፦ ከወንዝ ደለል እስከ ድስት



የምትሠሪበት ቤት ጓዳ በሩዝ፣ በዳቦና በዶሮ ሞልቶ እያለ አንድ ማንኪያ በርበሬ የተመኘሽበት ቀን ይኖራል። ምግብ አንሶሽ ሳይሆን አፍሽ የለመደው ጎድሎብሽ ነው። ማዳም «ብይ እንጂ» ስትልሽ ሁለት ጊዜ ጎርሰሽ ትተዪዋለሽ። እንዲህ እየሆነ ወር በወር ላይ ሲደረብ ሰውነት ይከሳል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሆድም ይብሳል።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ያስረዳል። አንደኛው፣ የለመድሽውን የሚያቃጥል ምግብ በምትኖሪበት አገር ገበያ ከሚገኘው ቅመም፣ ጨጓራሽን ሳትጎጂ እንዴት መሥራት እንደምትችዪ ነው። ሁለተኛው፣ ቃሪያውንና በሶብላውን በአንድ ባልዲ አፈር እንዴት ማብቀል እንደሚቻል፣ ወንዝ የሚያመጣው አፈርም ለምን እንደሚመረጥና መቼ እንደማይታመን ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር እወቂ። በቂ ምግብ ማግኘት ልመና አይደለም፤ የሥራ ውልሽ አካል ነው። በሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች የሥራ ውል ቀጣሪው ምግብ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግም (ቁጥር 68፣ እ.ኤ.አ. 2015) እንዲሁ። ከዚህ በታች የምናወራው ስለ ተጨማሪው፣ አፍሽ ስለሚወደው ምግብ ነው እንጂ፣ በርበሬ የቀጣሪሽን ግዴታ የሚተካ አይደለም።

በርበሬ ለምን ያቃጥላል?

በርበሬ ከጥንት ጀምሮ የእኛ የነበረ ይመስለናል። ግን የተገኘው ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ መርከበኞች ወደ አውሮፓ፣ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ አሰራጩት። ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ አፈሩም አየሩም ተስማማው፤ ማረቆ፣ አላባና ቡሬ ዛሬ በበርበሬያቸው የታወቁ ናቸው። ከእኛ ዘንድ የበቀለው ኮረሪማ ደግሞ ከበርበሬው ጋር ተቀላቅሎ የአገራችንን ጣዕም ሰጠው።

የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። እንደ ጨው ወይም እንደ ስኳር ጣዕም አይደለም። ምላሳችን ላይ ሙቀትን የሚለዩ ነርቮች አሉ፤ ካፕሳይሲን እነሱን ሲነካቸው የፈላ ነገር የነካን ያህል ይሰማናል። በብዛት የሚገኘው ብዙ ሰው እንደሚያስበው በፍሬው ውስጥ ሳይሆን ፍሬው በተጣበቀበት ነጭ ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ ቃሪያው እንዳያቃጥልሽ ከፈለግሽ ነጩን ፍቀሽ አውጪው።

ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፤ በቅባት ግን ይሟሟል። ይህን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው፦

• አፍሽ ሲቃጠል ውኃ ብትጠጪ ብዙም አይረዳሽም። ወተት ወይም እርጎ ጠጪ። አይብ ካለም ይጠቅማል። እናቶቻችን ከክትፎና ከቀይ ወጥ አጠገብ አይብ የሚያስቀምጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

• እጅሽ በውኃ ብቻ አይጠራም። በርበሬ ወይም ቃሪያ ከነካሽ በኋላ እጅሽን መጀመሪያ ጥቂት ዘይት ቀብተሽ እሺው፣ ከዚያ በሳሙና ደጋግመሽ ታጠቢ። ሕፃን የምትጠብቂ ከሆነ ይህን ሳታደርጊ ፊቱን አትንኪ፣ ዳይፐሩንም አትቀይሪ። የሕፃን ዓይንና ቆዳ በጣም ስስ ነው። አንቺም በማታስቢው ነገር ትወቀሻለሽ። ጓንት ካለ ጓንት ያዢ።

ጨጓራሽን ጠብቂ

«በርበሬ ጨጓራ ያቆስላል» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። አብዛኛውን የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣው በርበሬ አይደለም። የሚያመጡት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያና እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን አዘውትሮ መውሰድ ናቸው። ይሁን እንጂ ቀድሞ የታመመን ጨጓራ በርበሬ ሊያባብሰው፣ ቃጠሎውንም ሊጨምረው ይችላል።

በሥራ ቤት ደግሞ ምግብ የሚበላው ብዙ ጊዜ አርፍዶ፣ ቆሞ፣ አንዳንዴም ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ነው። ስለዚህ በባዶ ሆድ ሚጥሚጣ አትብዪ፤ ወዲያው በልተሽ ወዲያው አትተኚ። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም የምትወስጂው ክኒን ምን እንደሆነ ጠይቂ፤ አይቡፕሮፌን ከሆነ ከምግብ በኋላ እንጂ በባዶ ሆድ አትውሰጂው። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰሽ፣ ወይም ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ ጉዳዩ የበርበሬ አይደለምና ሐኪም ማየት እንዳለብሽ ለቀጣሪሽ ሳታፍሪ ንገሪ።

ቅመሙን ከአካባቢሽ ገበያ

ከአገር ቤት በርበሬ እስኪላክልሽ መጠበቅ የለብሽም። የምትፈልጊው አብዛኛው ቅመም በየሱቁ አለ። የሚጎድለው ስሙ ነው። ይህን ዝርዝር ቆርጠሽ አስቀምጪው፦

• ጥቁር አዝሙድ፦ ሐበት አልበረካ (ወይም ሐባ ሶዳ)
• ከሙን፦ ከሙን (ካሙን)
• ድንብላል፦ ኩዝበራ
• አብሽ፦ ሒልባ
• ዝንጅብል፦ ዘንጀቢል
• ቀረፋ፦ ቂርፋ
• ቅርንፉድ፦ ቁሩንፉል
• ሄል፦ ሄል (በኮረሪማ ፈንታ ይሆናል፤ ጣዕሙ ግን አንድ አይደለም)
• በሶብላ፦ በሊባኖስ ሐበቅ፣ በግብፅና በባሕረ ሰላጤው ሪሐን (ከአገር ቤቱ ቢለይም ዘመዱ ነው)
• የሚያቃጥል በርበሬ፦ ፊልፊል ሐር፣ ዱቄቱ ደግሞ ሸጣ
• ቀይ ምስር፦ ዐደስ አሕመር
• የተነጠረ ቅቤ፦ ሰምነ

በሊባኖስና በሶርያ አካባቢ ፊልፊል ሐለቢ የሚባል በሻካራው የተፈጨ ቀይ በርበሬ ይሸጣል። ቃጠሎው ለስላሳ፣ ቀለሙም የሚያምር ነው። ከእሱ አራት ማንኪያ፣ ከሸጣ አንድ ማንኪያ፣ ከዝንጅብል ዱቄትና ከድንብላል ግማሽ ግማሽ ማንኪያ፣ ከሄል፣ ከቅርንፉድ፣ ከጥቁር አዝሙድና ከአብሽ ቁንጥር ቁንጥር ብታደርጊ፣ አገር ቤት የተደለዘውን ባይሆንም ወጥ የሚያወጣ በርበሬ ታገኛለሽ። ቅመሞቹን ብቻ በደረቅ መጥበሻ ትንሽ አሙቂያቸው። የበርበሬውን ዱቄት ግን በመጥበሻ አታምሺው፤ ጢሱ ቤቱን ሁሉ ያስነጥሳል፣ አስም ያለበት ሰው ካለም ያስጨንቀዋል።

ለአንድ ሰው የሚበቃ የምስር ወጥ እንዲህ ይሠራል። አንድ ራስ ሽንኩርት አድቅቀሽ ከትፈሽ በትንሽ ውኃ አብስዪ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና አንድ ማንኪያ በርበሬ ጨምረሽ በቀስታ እሳት አቁላዪ፤ እንዳያርር ጠብ ጠብ እያደረግሽ ውኃ ጨምሪ። አንድ ፍንጭል ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ግማሽ ኩባያ የታጠበ ቀይ ምስርና ሁለት ኩባያ ውኃ አድርጊ። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ጨው መጨረሻ ላይ። ለጾምም ይሆናል፣ ከሩዝም ከዳቦም ጋር ይበላል።

የቁሌቱ ሽታ ለእኛ የቤት ሽታ ነው፤ ለቀጣሪዎችሽ ግን እንግዳ ሊሆን ይችላል። ድስቱን ክደኚ፣ የጢስ መሳቢያውን አብሪ፣ መስኮት ክፈቺ፣ የታጠበ ልብስ በተሰጣበት አጠገብ አትሥሪ። ብዙ ጊዜ አንዴ ጠይቆ መፍቀድን ማግኘት ተደብቆ ከመሥራት ይሻላል። «ማዳም፣ ሙምኪን አጥቡኽ አክል ሐበሺ?» ማለት «ማዳም፣ የሐበሻ ምግብ መሥራት እችላለሁ?» ማለት ነው። የሠራሽውን ትንሽ ብታቀምሻት ደግሞ ሌላ ጊዜ ራሷ ትጠይቅሽ ይሆናል።

ደለል ምንድን ነው? ለምንስ ይመረጣል?

አሁን ወደ አፈሩ እንምጣ። ገበያው ቅመሙን ይሰጥሻል፤ እሸት ቃሪያና ትኩስ በሶብላ ግን በእጅሽ ልታበቅዪ ትችያለሽ።

ወለል ያጠብሽበትን ባልዲ ሳትደፊው ብታቆዪው ከሥሩ ምን ይረጋል? መጀመሪያ ጠጠሩና አሸዋው፣ ቆይቶ ደግሞ ልሙ አፈር። ወንዝም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በክረምት ከደጋ ሲወርድ አፈርና ቅጠል ጠርጎ ይዞ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ደርሶ ሩጫው ሲቀንስ የያዘውን ያስቀምጣል። ከአሸዋ የሚደቅ፣ ከሸክላ አፈር የሚሻክር፣ ሲነኩት እንደ ዱቄት የሚለሰልሰው ክፍል ደለል ይባላል። አንዱ ቅንጣት ከ0.05 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ደለል ውኃ ይይዛል፣ ሥር በቀላሉ ይገባበታል፣ ከደጋ ይዞት የመጣውንም ማዕድን ለተክል ይሰጣል።

ፎገራን የምታውቂ ከሆነ ይህን በዓይንሽ አይተሻል። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል። ውኃው ሲሸሽ የተወው አፈር ላይ ገበሬው ሩዝ ያመርታል፤ በበጋ ደግሞ በመስኖ ሽንኩርትና አትክልት ያለማል።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ግንዱን ብቻ አይደለም፤ አፈሩንም ነው ይዞ የሚዞረው። ግብፅ ውስጥ የምትሠሪ እህታችን፣ በናይል ዳር የምታዪው ጥቁር መሬት በአብዛኛው ዓባይና ተከዜ ከኢትዮጵያ ደጋ በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ያወረዱት አፈር ነው። የጥንት ግብፆች አገራቸውን «ጥቁሯ ምድር» ብለው ይጠሩ የነበረው በዚህ አፈር ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ ግን ደለሉ ከግድቡ በላይ ባለው የናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። የግብፅ ገበሬም ቀድሞ ጎርፍ በነፃ ያመጣለት የነበረውን አሁን በማዳበሪያ ይተካል።

በምትኖሪበት አገር ያለው አፈር

በሊባኖስ የበቃ ሸለቆ ወንዝ ባወረደው አፈር የለማ ነው። በዮርዳኖስ ሸለቆም ቲማቲም፣ ዱባና ቃሪያ በብዛት ይበቅላል። በአረቢያ ልሳነ ምድር ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሞሉ ደረቅ ሸለቆዎች ናቸው ያሉት።

ይሁን እንጂ የወንዝ አፈር ሁሉ ጥሩ አይደለም። ከከተማና ከፋብሪካ በታች የሚፈስ ወንዝ ቆሻሻና ከባድ ብረቶችን ከደለሉ ጋር ያስቀምጣል። የበቃን ሸለቆ የሚያቋርጠው የሊጣኒ ወንዝ በፍሳሽ መበከሉ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው አፈር ቢቀቀልም፣ ፀሐይ ቢመታም ብረቱ አይለቀውም። ስለዚህ፦

• ሽታ፣ አረፋ ወይም የዘይት ቀለም ካለበት ወንዝ ዳር አፈር አትውሰጂ።
• አፈር ፍለጋ ብቻሽን ወንዝ አትውረጂ። በበረሃ ሸለቆ ደግሞ አንቺ ዘንድ ፀሐይ እያለ ከላይ በጣለ ዝናብ ድንገት ጎርፍ ሊመጣ ይችላል።
• ከቤት የማትወጪ ከሆነ ቀጣሪሽ ለአትክልት ስትገዛ ትንሽ አፈር እንድትጨምርልሽ ጠይቂ። አፈር በአረብኛ ቱራብ ነው። በከረጢት የሚሸጠው ቀላል ጥቁር አፈር ቢትሞስ ይባላል።

የመጣልሽን አፈር ለማወቅ በመስታወት ማሰሮ ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውኃ ሙዪና ከድነሽ በደንብ ናጪው። አስቀምጪው። በአንድ ሁለት ደቂቃ የረጋው አሸዋ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከላዩ የሚተኛው ደለል ነው። እስከ ማግሥቱ ውኃውን ያደፈረሰው ሸክላ ነው። ሸክላው ከበዛ ውኃ አያሳልፍም፤ አሸዋው ከበዛ ውኃ አይዝም።

ቃሪያ በባልዲ

ደለል ሜዳ ላይ ቢወደድም ብቻውን ባልዲ ውስጥ ሲገባ ይጠቀጠቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሥሩም አየር ያጣል። ስለዚህ አንድ እጅ ደለል፣ አንድ እጅ ሻካራ የታጠበ አሸዋ፣ አንድ እጅ ብስባሽ ወይም ቢትሞስ ቀላቅዪ። የባሕር አሸዋ ጨው ስላለው አይሆንም።

1. ዕቃው። ባዶ የለበን ባልዲ ወይም የሰምነ ቆርቆሮ ይበቃል። ጥልቀቱ ከ25 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ከሥሩ አምስት ስድስት ቦታ ብሺውና ሳህን አድርጊለት፤ በረንዳውን እንዳያቆሽሽብሽ።

2. ዘሩ። በደንብ ከቀላ ቃሪያ ፍሬውን አውጥተሽ ጥላ ላይ ለአንድ ሳምንት አድርቂ። አረንጓዴው ፍሬው ስላልበሰለ አይሆንም። የተቆላ ወይም የተፈጨም አይበቅልም።

3. ጊዜው። በሊባኖስ፣ በዮርዳኖስና በግብፅ የካቲትና መጋቢት ቤት ውስጥ ዝሪ፤ ብርዱ ሲያልፍ በሚያዝያ አውጪው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የበጋው ሙቀት ስለሚገድለው በመስከረምና በጥቅምት ዝሪ፤ ቃሪያሽን በክረምታቸው ትቀጥፊያለሽ።

4. መዝራት። በትንሽ ኩባያ አፈር ውስጥ ፍሬውን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ቅበሪ። ሞቅ ያለ ቦታ ይሁን፤ ከፍሪጁ ላይ ቢቀመጥ ይስማማዋል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ አልበቀለም ብለሽ አትድፊው።

5. ማዛወር። ከአራት እስከ ስድስት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ባልዲው አዛውሪ። በአንድ ባልዲ አንድ ተክል ብቻ።

6. ውኃና ፀሐይ። በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ አስገቢ፤ ደረቅ ከሆነ አጠጪ፣ እርጥብ ከሆነ ተይው። ብዙ ችግኝ የሚሞተው በጥማት ሳይሆን በውኃ ብዛት ነው። ምስርና ሩዝ ያጠብሽበት ውኃ ይሆነዋል፤ ሳሙና ወይም ክሎሪን የነካው ግን አይሆንም።

7. አበባው። ሲያብብ ግንዱን በቀስታ ነቅንቂው፤ ንብ በሌለበት ለመዳቀል ይረዳዋል። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲበልጥ አበባው ይረግፋል፤ አትደንግጪ፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ያብባል።

ካዛወርሽው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ እሸቱን ትቀጥፊያለሽ። ጥቂቱን ተክሉ ላይ ተይውና ይቅላ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ይሆንሻል።

በሶብላም በዚሁ አፈር ይበቅላል፤ አናቱን በቀጠፍሽው ቁጥር ይበዛል። ጤና አዳም ደግሞ ከቅርንጫፍ ተቆርጦ ሲተከል ይይዛል። ነገር ግን ጭማቂው ነክቶሽ ፀሐይ ላይ ብትቆሚ ቆዳሽን እንደ ቃጠሎ ሊያቆስለው ይችላል። እርጉዝ የሆነች ሴትም ጤና አዳም አፍልታ መጠጣት የለባትም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ

የመጀመሪያው ስለ በረንዳ ነው። ባልዲውን ከብረቱ ውስጠኛ ወገን፣ መሬት ላይ አስቀምጪ። ከብረቱ ውጭ አታንጠልጥዪ፣ ለማጠጣት ወንበር ላይ አትውጪ፣ የወደቀ ቅጠል ለመያዝ አትንጠራሪ። ፀሐይ የሚያገኘው ውጭ ብቻ ከሆነ ያ ቃሪያ ይቅር። አንቺ ከቃሪያ ትበልጫለሽ።

ሁለተኛው ስለ መልእክት ነው። ከአገር ቤት ስትመለሺ የማታውቂው ሰው «ይህን በርበሬ ለእህቴ አድርሺልኝ» ቢልሽ አትቀበዪ። የምታውቂው ሰው የሰጠሽም ቢሆን ዓይንሽ እያየ ተከፍቶ ይታሸግ። ጫት በአብዛኛው የመካከለኛው ምሥራቅ አገር የተከለከለ ነው፤ ከሌላ ዕቃ ጋር ተደብቆ ሲገኝ የሚጠየቀው ሻንጣውን የያዘው ነው። «አላውቅም ነበር» ማለት ከእስር አያድንም። አፈርና ዘርም በብዙ አገሮች ያለ ፈቃድ አይገባምና ለባልዲሽ የሚሆነውን እዚያው ፈልጊ።

በመጨረሻ

ፈቃዱን ለመጠየቅ «ማዳም፣ ሙምኪን አዝረዕ ፊልፊል ዓል በልኮን?» በዪ፤ «በረንዳው ላይ ቃሪያ መትከል እችላለሁ?» ማለት ነው። እምቢ ካለችሽ በመስኮት ዳር አንድ ኩባያ በሶብላ ጠይቂ። እሱም ከተከለከለ የቅመሙ ዝርዝር በእጅሽ አለ። ከተፈቀደልሽ ግን ዛሬ አንድ የቀላ ቃሪያ ከኩሽና ለይተሽ ፍሬውን አድርቂ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከራስሽ ባልዲ የቀጠፍሽውን ቃሪያ ሰንግተሽ ከምስር ወጥሽ ጋር ትበያለሽ፤ ከጓደኛሽ ጋር ስትገናኚ ደግሞ ለእሷ የሚሆን ዘር ይዘሽላት ትሄጃለሽ።